ቡርጅ ሐሙድ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት የአንድ ቀን ደመወዝ ያወጣል ወይ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያወጣል። ግን መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለቱንም ለምግብ ቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ ስለዚህ እዚህ መጻፌ ሐሜት አይሆንም።

ይህን የምጽፈው ቤይሩት ላሉ እህቶቼ ነው። በተለይ እሁድ መውጣት ለተፈቀደላቸው። ገና ኮንትራት ላይ ሆናችሁ፣ አሠሪ ቤት እየኖራችሁ በር ለተዘጋባችሁም ጭምር ነው፤ የምትወጡበት ቀን ይመጣልና የት እንደምትሄዱ እወቁ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ በኮንትራት ነው የመጣሁት። አሁን ፍሪላንስ ነኝ። ሳምንቱን የሰው ቤት አጸዳለሁ፣ እሁድ የራሴ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ ከቤይሩት አጠገብ ባለው ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ነው፤ ከዶራ አደባባይ በእግር ይደረሳል። በሩ ላይ ስም አልተጻፈም። ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትጀምሩ የቁሌት ሽታ ስለሚቀበላችሁ አትሳሳቱም።

ስለ ሰፈሩ ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችን በመካከሉ እያለፍን አናውቀውም። ቡርጅ ሐሙድን የቆረቆሩት ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ አርመኖች ናቸው። ምንም ሳይዙ ነው የመጡት። ያጧቸውን ከተሞች ስም ለአዲሱ ሰፈራቸው ሰጡት፤ ማራሽ የሚባለው አንዱ ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ የአርመን ባስተርማ (ቋንጣ መሰል ሥጋ) ቤት፣ የሶሪያዊ አትክልት መሸጫ፣ የሲሪላንካ ሱቅና የእኛ በርበሬ ጎን ለጎን አሉ። የምግብ ቤቱ አከራይም አርመናዊት አሮጊት ናቸው። አንድ እሁድ ቡና ላይ ተቀምጠው፣ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ ማምጣታቸውን ነገርኳቸው። ልጆቹ የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። አሮጊቷ ይህን አያውቁም ነበር። እጄን ይዘው ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ለልጃቸው ደውለው በአርመንኛ ሲያወሩ ቆዩ።

ወደ ዋጋው እንሂድ። በያይነቱ 6 ዶላር ነው። ሽሮ ተጋቢኖ 5፣ ዶሮ ወጥ 8፣ ጥብስ 9። ቡና ከነእጣኑና ከነፈንዲሻው ለአንድ ሰው 2 ዶላር። በሊራም ትቀበላለች። ግን ዶላሩ 89,500 ሊራ ስለሆነ ለአንድ ሽሮ 447,500 ሊራ ስትቆጥሩ ጣታችሁ ይደክማል። እኔ ስመጣ ዶላር 1,500 ሊራ ነበር። ከ2019 በኋላ ሁሉም ነገር ሲፈራርስ፣ ደመወዛቸው በሊራ የነበረ ልጆች ወሩን ሠርተው የሚልኩት አጡ። አንዳንዶቹን አሠሪዎቻቸው በ2020 በመኪና አምጥተው ሐዝሚዬ ያለው ቆንስላችን ደጃፍ ከነሻንጣቸው ጣሏቸው። ያንን ያየ አይረሳውም።

6 ዶላር ውድ ነው ወይ? ለማን? ኮንትራት ላይ ያለች ሐበሻ ብዙውን ጊዜ የሚከፈላት 150 ወይም 200 ዶላር ነው። 200 ዶላር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 6 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይደርሳታል። በያይነቱ የአንድ ቀን ድካሟ ነው ማለት ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት ግን በ2006 ለዜጎቹ የቤት ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ 400 ዶላር ብሎ ቆረጠ። ለፊሊፒኗ ያው ሳህን የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። የሚወለወለው ያው ወለል ነው። የሚተኮሰው ያው ሸሚዝ ነው። አሠሪያቸው ማዳምም አንዲት ልትሆን ትችላለች። የሚለያየው የያዙት ፓስፖርትና ከጀርባው የቆመው መንግሥት ነው። እኔ ዋጋ ስመዝን ይህን ሳልቆጥር ማለፍ አልችልም።

እንጀራው ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ዓይኑ የወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የበሰለ፣ ሲያነሡት የማይቆራረጥ። ንጹህ ጤፍ ነው ብላ አትዋሽም፤ ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ስንዴ መሆኑን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። የጤፍ ዱቄቱ ከአዲስ አበባ በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ ነው የሚመጣው። ጤፍ በጥሬው ከአገር እንዳይወጣ መንግሥት በ2006 ከልክሎ ነበር፤ እንጀራ ግን ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ የአውሮፕላን ሻንጣ ኪሎ ነው፤ ከልብስና ከስጦታ ጋር ይሻማል። ነሐሴ ላይ ግን እንጀራው ይኮመጥጣል። የቤይሩት ሙቀትና እርጥበት ሊጡን ቶሎ ያቦካዋል፤ ፍሪጅ ውስጥ እንዳታቆየው ደግሞ መብራት የለም።

ስለ መብራቱ ካልነገርኳችሁ ይህ ቤት ምን ያህል ትግል እንደሆነ አይገባችሁም። የመንግሥት መብራት በቀን የሚመጣው ለጥቂት ሰዓት ነው። ቀሪውን ከሰፈሩ ጄኔሬተር በአምፔር ይገዛሉ፤ ተራው ሰው 5 አምፔር ነው የሚይዘው። 5 አምፔር 1,100 ዋት አካባቢ ነው። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ስትሰኩት ቆጣሪው ይወድቃል። ስለዚህ ባለቤቷ የምትጋግረው የመንግሥቱ መብራት በመጣበት ሰዓት ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ከመጣ ሌሊት 9 ሰዓት ትነሣለች። አንድ ቅዳሜ ሌሊት አብሬያት አድሬ አይቻለሁ። አምፖሉ ቦግ ሲል ከፍራሹ ዘላ ተነሣች። ምጣዱን ሰካች፣ በጎመን ዘር አሰሰች፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች አፈሰሰች። አንድም ቃል አልተናገረችም። መብራቱ ሳይሄድ የእሁዱን እንጀራ ጨርሳ መሶቡን ከደነች።

ዶሮ ወጡ ነው ዋናው። እጅ ያስቆረጥማል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀልጦ፣ በርበሬው እስኪበስል በትዕግሥት ተቁላልቶ፣ ቁሌቱ ወዙን የተፋ ነው። ቅቤው የሱፐርማርኬት ቅቤ ነው፤ የሚነጠረው ግን ከአገር ቤት በመጣ ኮረሪማና ኮሰረት ነው። አፍንጫ ያለው ሰው ልዩነቱን ያውቃል።

እኔ ይህን ቤት የወደድኩት ግን በሁለቱ ድስቶች ነው። ባለቤቷ ክርስቲያን ናት። ከሚመጡት ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው፤ የወሎ ልጆች፣ የጅማ ልጆች፣ የአርሲ ልጆች። አገር ቤት እንዳለው ነው፤ የክርስቲያን እርድ እና የእስላም እርድ አይቀላቀልም። ስለዚህ ዶሮ ወጡን በሁለት ድስት ትሠራለች። አንዱን ዶሮ ከአርመኑ ሥጋ ቤት ታመጣለች፣ ሌላውን ነብዓ ከሚገኝ የሙስሊም ሥጋ ቤት። የሙስሊሙ ድስት እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል። ጭልፋውም ለየብቻ ነው፣ ማጠቢያው ስፖንጅም ለየብቻ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ ለታይታ የተደረገ አይደለም። ለጋዝም ለጊዜም እጥፍ ወጪ ነው። ዋጋው ግን ለሁለቱም 8 ዶላር ነው። በማዳም ቤት ምን እንደምንበላ የሚወሰነው በሌላ ሰው ነው። እዚህ አንዲት የኬሚሴ ልጅ ገብታ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ማንንም ሳታስቸግር ዶሮ ወጥ ትበላለች።

ጥብሱን አልመክርም። ሥጋው ይጠነክራል፣ ሽንኩርቱም ይበዛል። ምስሩ መካከለኛ ነው። ጎመኑ ደህና ነው። የጾም ሰሞን ሽሮው፣ ስልጆውና ተልባው ሲጨመሩ በያይነቱ ሌላ ምግብ ይሆናል፤ ሁዳዴ ላይ ሂዱ።

ቡናው ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። በሊባኖስ ገበያ የሚጠጣው ቡና በብዛት የብራዚል ነው። ማዳም ቤት ቀቅለን ለእንግዳ የምናቀርበው እሱን ነው። ትሪውን ይዘን ቆመን እንጠብቃለን፣ ሲኒው ሲያልቅ እናነሣለን። እዚህ የሚቆላው የሲዳማ ወይም የጅማ ቡና ነው፤ ጭሱ ይዞርላችኋል፣ አቦል ቶና በረካ ሳይጎድል ይደርሳችኋል። አንድ እሁድ አጠገቤ የተቀመጠች ገና ልጅ የሆነች ሴት አቦሉን እንደጨረሰች ብድግ አለች። የሁላችንንም ሲኒ መሰብሰብ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። ባለቤቷ ከረከቦቱ ጀርባ ሆና አየቻትና «ተቀመጪ እንጂ! ዛሬ እንግዳ ነሽ» አለቻት። ልጅቷ ሲኒዎቹን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ባለቤቷ ራሷ ተነሥታ ተቀበለቻትና ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ቶናውን ስትጠጣ እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ፤ የሚያደርጉትን ያጡ ይመስሉ ነበር። እኔ ለዚህ ነው ዋጋ የምከፍለው።

ዋይፋይ አለ፣ ነጻ ነው። የይለፍ ቃሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ቤቱ በሙሉ ስልክ ላይ ነው፤ ኢሞ እዚህም እዚያም ይጮኻል። ማውራት የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ይምጣ። አንዲት የማውቃት ልጅ የምታሳድገው የማዳም ልጅ ምን እንደሚወድ ስትነግረኝ ነበር። ሩዙ ከወጡ ጋር ከተነካካ አይበላም። ዱባ ይጠላል። ወተቱ ለብ ማለት አለበት። ወዲያው ስልኳ ተነሣና ከእናቷ ጋር ማውራት ጀመረች። «ልጄ አሁን ምን ትወዳለች? ምን ልላክላት?» ብላ ጠየቀች። ልጇን ለእናቷ ትታ ስትመጣ ሕፃኗ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ከዚያ ወሬው ወደ ምንዛሪ ሄደ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 ብሩን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር በጥቂት ሳምንታት ከ100 በላይ ወጣ። ቤተሰብ በብር ሲያየው ብዙ ይመስለዋል። ዘይቱና ጤፉም አብሮ መውጣቱን ግን እኛ እዚህ ሆነን በስልክ ነው የምንሰማው።

በ2024 መገባደጃ የእስራኤልና የሒዝቦላ ጦርነት ሲከፋ የሆነውንም ልጻፍ፤ ለቤቱ ያለኝን ክብር ያሳያል። ከቤይሩቱ ዳሕዬ ሰፈርና ከደቡብ ሊባኖስ የሸሹ እህቶቻችን ብዙ መጠለያ ሊባኖሳውያንን ብቻ ነው የምንቀበለው ብሎ ሲመልሳቸው ጎዳና ላይ አደሩ። አንዳንዶቹን አሠሪዎቻቸው ቤት ቆልፈውባቸው ሸሽተዋል። ያን ጊዜ እዚህ ቤት ጠረጴዛዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። ሽሮ በትልቅ ድስት ይሠራ ነበር፣ ሒሳብ አልተጠየቀም። አሽራፊዬ ጫፍ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም በሩን ከፍቶ ብዙዎችን አስጠግቷል። ከጥቂት ደጆች በቀር የሚከፈት አልነበረም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

አንደኛው አስተናጋጅነቱ ነው። ከፍተኛው ሰዓት ላይ አንድ ሊባኖሳዊ ወይም አንድ ፈረንጅ ከገባ ተራ ይሻራል። ሦስት ሴቶች በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ጠረጴዛው ለእሱ ሲጠረግ አይቻለሁ። ሴቶቹ ምንም አላሉም። መቆም ለምደናል። ባለቤቷን ስጠይቃት ምክንያቷን አልደበቀችኝም። ንግዱ የተመዘገበው በአንድ ሊባኖሳዊ ስም ነው። በየወሩ ከትርፉ ድርሻውን ይወስዳል። እንግዳ ይዞ ሲመጣ ወይም እንግዳ ሲልክ እምቢ ማለት አትችልም፤ አንድ ቀን ከተከፋባት ምድጃውና ድስቱ ሁሉ የእሱ ሆኖ ይቀራል። የእሷ መኖሪያ ፈቃድም የታሰረው በከፊሏ፣ ማለትም በስፖንሰሯ ነው።

ይገባኛል። የሥራ ሕጉ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ኢቃማችን (የመኖሪያ ፈቃዳችን) በአንድ ሰው እጅ ነው። በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት እረፍት ይላል፤ ወረቀቱ ላይ። በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ ሥራ የመልቀቅ መብት የሚሰጥ የተሻለ ውል አወጣ። የአስመጪ መክተቦቹ (የሠራተኛ አስመጪ ኤጀንሲዎቹ) ማኅበር ከሰሰ፤ በቀጣዩ ወር ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። እንዲህ ባለ አገር የሐበሻ ሴት ምግብ ቤት ከፍታ መቆየቷ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም የስሙ ባለቤት ጓደኛ ሌላ፣ ከመንገድ የገባ ተራ ሰው ሌላ ነው። ለመንገደኛው «ተራ ይጠብቁ» ማለት ማንንም አያስቆጣም። አሁን በር ላይ ስም የሚጻፍበት ደብተር አስቀምጣለች። እስካሁን ባየሁት እየሠራ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ሳህን አጣቢዋ እሁድ አታርፍም። የእረፍት ቀኗ ሰኞ ነው። ወረቀት የላትም፤ ከከፊሏ ቤት ወጥታ የመጣች ናት፣ ስለዚህ ከዚህ የተሻለ ሥራ መምረጥ አትችልም። ደመወዟ ጥሩ ነው፣ በሰዓቱ ይከፈላታል፣ ማንም አይጮህባትም። ይህን አልክድም። ግን ሰኞ ማን አለ? ቅዳሴ የለም። ጓደኞቿ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። እኛ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሆነን ቡና ስንጠጣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ እጇ ውሃ ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ የቆየን ሰዎች ይህን አይተን ማለፍ የለብንም።

ባለቤቷ «እሁድ ካልሸጥኩ ኪራዩ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሁድ ይዘጋ አላልኩም። ያልኩት በወር አንድ እሁድ ልጅቷ ትረፍና ለዚያ ቀን ፍሪላንስ በ20 ዶላር ይቀጠር ነው። በዚያ እሁድ በሳህን 50 ሳንቲም ብንጨምር 40 ሳህን ወጪውን ይሸፍነዋል፤ እሁድ ከ40 በላይ ሳህን ይወጣል። ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ እንከፍላለን አሉ። እሷ ገና እያሰበችበት ነው። ስትሄዱ ጠይቋት፤ ከብዙ ሰው ስትሰማው ይቀላታል።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች። መጸዳጃ ቤቱ ንጹህ ነው፣ በሩ ግን ከውስጥ በደንብ አይቆለፍም። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ሲመሽ የስልክ መብራት አብሩ። መግቢያው አጠገብ አንድ ሰሌዳ አለ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ሻንጣ የሚጭን፣ ክፍል የሚጋራ ሰው የሚለጠፈው እዚያ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማም በግራም ይሸጣል። በርበሬው ውድ ነው፤ ሽሮው ግን ተመጣጣኝ ነው።

ሰኞ ዝግ ነው፤ ሌላ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይጨናነቃል፤ ከ6 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ቦታ ታገኛላችሁ። ዶሮ ወጥ እስከ 9 ሰዓት ያልቃል፣ ከአረንጓዴው ድስት ደግሞ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ኮንትራት ላይ ሆናችሁ ብሩ ካሳሰባችሁ በያይነቱን ለሁለት እዘዙ። ይበቃል፤ እንጀራ ጭማሪ አይከፈልበትም።